ለእሁድ የሚሆን ወሬ

ዓይን አውጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ራሱ ወፍሮ «ሱሪዬን አጠበብክብኝ» እያለ የሚሟገተኝ ሞልቷል። ዓይን አውጣ ወፍ ግን ያየሁት በእህቴ ቤት ነው።

እህቴ በሕይወት ሳለች የአሮጌ ድስት ክዳን ገልብጣ በሽቦ ከጓሮው ዛፍ ላይ አንጠልጥላ ነበር። የተረፈ ሩዝ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ከጓዳ የተጠረገ ጥራጥሬ እዚያ ላይ ትበትናለች። ድንቢጦቹ መጀመሪያ እሷ ወደ ቤት እስክትመለስ ድረስ ዛፉ ጫፍ ላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር። በኋላ መጠበቁን ተዉት። ውለው አድረው ደግሞ ምግቡ ሲዘገይባቸው የወጥ ቤቱን መስኮት በአፋቸው ይቆረቁሩ ጀመር፤ ጠረጴዛ እየደበደበ አስተናጋጅ የሚጠራ ደንበኛ ነው የሚመስሉት። እህቴ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ቤቱን አታፍርሱት» እያለች ትወጣለች። ባሏ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አንቺ ነሽ ያባለግሻቸው» ይላታል።

ባሏን ጋሼ ነው የምለው። እሱ እኔን «ሰፊው» ይለኛል። መንገዱን በሚያየው የፊት ክፍል እሰፋለሁ፣ ከዚያ ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እተኛለሁ። ሚስት አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ የሌላ ቀን ወሬ ነው። እህቴ ስትሞት ጋሼ ውጣ አላለኝም፣ እኔም ልውጣ አላልኩም፤ ሁለት ወንዶች አንድ ቤት ውስጥ ተፋጠን ቀረን።

ጋሼ ዕድሜውን የፈጀው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሽመና ማሽኖቹ ሲጮሁ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ እዚያ ያሉ ሠራተኞች የሚያወሩት በእጃቸው ነው። ክር ተበጠሰ፣ ዘይት አምጣ፣ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ምሳ ደረሰ፤ ለሁሉም ምልክት አላቸው። ጡረታ ከወጣም በኋላ እጁ አላረፈም። አፉ ግን ከ«አዎ» እና ከ«ይሁን» ብዙም አይዘልም። የተናገረ እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ጆሮውን ማሽኑ በልቶታል። እንዲህ ያለው ሰው ስልክ ላይ ምን ያደርጋል? ስልክ እጅ አያይም።

አንዲት ልጅ አላቸው። ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ደም ትመረምራለች፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች። እሁድ እሁድ ጠዋት ትደውላለች። እህቴ በነበረችበት ጊዜ ስልኩን የሚያነሳው ጋሼ ነበር፤ ማንም አይቀድመውም። «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ አባዬ፤ አንተስ?» ትላለች። «ደህና ነኝ። በይ እናትሽን ላቅርብልሽ።» አለቀ፣ ደቀቀ። ይህችን ለማለት ግን ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ፊቱን ተላጭቶ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከዚያ እናትና ልጅ ጆሯቸው እስኪግል ያወራሉ።

እህቴ ከሞተች በኋላ ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳ በመጀመሪያው እሁድ ደወለች። ጋሼ እንዲሰማው ስፒከሩን ከፍቶታል፤ የእኔም በር ክፍት ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ አባዬ፤ አንተስ?» «ደህና ነኝ። በይ እናትሽን ላቅርብልሽ» አለ። አፉ ለምዶት ነው። ስልኩን እንደያዘ ወደ ወጥ ቤቱ መንገድ ጀምሯል። መሃል ላይ ቆመ። እኔ መቀሱን ጥዬ ሮጥኩና ስልኩን ተቀብዬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ለፈለፍኩ። «እሺ አጎቴ፣ እሺ» ትለኛለች፤ እያለቀሰች መሆኗ ያስታውቃል።

ከዚያ ወዲህ የእሁዱ ስልክ እያጠረ ሄደ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ሥራ?» «ደህና ነው።» «በይ እንግዲህ።» ከዘጋችም በኋላ ጋሼ ስልኩን መዳፉ ላይ እንደያዘ መብራቱ እስኪጠፋ ያየዋል። አንድ እሁድ ጭራሽ ሳትደውል ቀረች፤ በማግስቱ «ተረኛ ሆኜ ነው» አለች። እውነቷን ይሆናል። ጋሼ ግን ያን ዕለት እህል በአፉ አልዞረም። ሆዱ እንደባሰው ከፊቱ አነበብኩ። እኔም ብሆን እህቴ ከወጥ ቤት ስትስቅ መስማቱ ናፍቆኛል።

ከዚህ ያወጣን አንድ ድንቢጥ ነው።

ጋሼ ወፎቹን መመገቡን አላቋረጠም ነበር፤ ወድዶ ሳይሆን መስኮቱን እየቆረቆሩ እረፍት ስለነሱት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ወንድ ድንቢጥ ደረቱ ላይ ያለችው ጥቁር ምልክት ከሌሎቹ ትሰፋለች። ክራባት ያሰረ ይመስላል። ክዳኑ ላይ ሲያርፍ ሌሎቹ ገለል ይሉለታል፣ እሱም ከመብላቱ በፊት ወዲያ ወዲህ እያለ ይቃኛል። ጋሼ «ሥራ አስኪያጁ» አለው። በፋብሪካቸው እንዲህ ደረቱን ነፍቶ በማሽኖቹ መሃል የሚንጎራደድ፣ ክራባት ከአንገቱ የማይወርድ አለቃ ነበራቸው አሉ።

አንድ እሁድ ጋሼ ዳቦውን በሻይ እየነከረ፣ «ሥራ?» የሚለው ጥያቄ ላይ እንደደረሰ፣ ሥራ አስኪያጁ በተከፈተው መስኮት ዘው ብሎ ገባና የሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆመ። ጋሼን አየው። ጋሼም አየው። ወፉ ዓይኑን በጨው አጥቦ ትልቁን ቁራሽ ነክሶ ጎተተ፤ ከበደው፣ ጣለው፣ እንደገና ነከሰው።

«አንተ ባለጌ፣ እቤቴ ድረስ ገብተህ?» ብሎ ጋሼ በዚያ በፋብሪካ ድምፁ ጮኸበት። ወፉ መሸሹን ትቶ ብድግ አለና ራሰ በራው ላይ ወጥቶ አረፈ።

«አባዬ፣ ማነው?» አለች ልጅቷ።

«ሥራ አስኪያጁ ነው። ራሴ ላይ ቆሟል።»

ከስልኩ ሳቅ መጣ። ልጅቷ የምትስቀው እንደ እናቷ ነው፤ መጀመሪያ ትን ይላታል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያን ሳቅ ሰምተነው አናውቅም። ጋሼ ወፉ እንዳይበርበት አንገቱን ገትሮ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ሥራ አስኪያጁ የሚያደርገውን አንድ በአንድ ነገራት። ፋብሪካውን፣ ክራባቱን፣ ሁሉን ነገራት። የሰውየው አፍ ይህን ያህል ቃል እንደሚያወጣ እኔም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሻዩ በረዶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጋሼን ማን ይቻለው። ለእሁድ የሚሆን ወሬ ያስፈልገዋል፣ ወሬው ያለው ከወፉ ዘንድ ነው፣ ስለዚህ ወፉ መባለግ አለበት። ክዳኑን ከዛፉ ላይ አወረደና የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ አስገባው። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረገው። ድንቢጦቹም ግብዣ አልናቁም፤ ስኳር ዕቃው ውስጥ ገብተው ይታጠባሉ፣ መነጽሩ ላይ ይቆማሉ፣ ጋዜጣውን ሳይነበብ ይቀዳድዱለታል። ቅዳሜ ሲሆን እየተጨነቀ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ሰፊው፣ ሳምንቱን ሙሉ ጨዋ ሆኑብኝ እኮ። ነገ ምን እላታለሁ?» ይለኛል፤ የጨዋ ወፍ ባለቤት መሆን እንደዚህ ያስጨንቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መከራው ለእኔም ተረፈ። የአንዲት አስተማሪ ቀሚስ ለልክ በሳሳ ነጭ ክር ይዤው ሰቅየዋለሁ። ለልክ መጣች፣ ለበሰች፣ ክንዷን አነሳች፤ እጅጌው ወለቀና መሬት ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ክሩን ለጎጆው መዝዞ ወስዶታል። ሴትየዋ እኔን ገላመጠችኝ፣ ደሜ ፈላ፣ «ጋሼ፣ ወይ እኔ ወይ ወፉ» አልኩት። እሱ ነገሬን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለና እንደ ጋዜጠኛ ይጠይቀኝ ጀመር። ክሩን ሲመዝ በአፉ ብቻ ነው ወይስ በእግሩም ይረግጣል? ሴትየዋ ምን አለች? መጀመሪያ የወለቀው የግራው ነው የቀኙ? እሁድ ልጅቷ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ተቆጥቼ መክረም አልቻልኩም።

ነገሩ የተበላሸው በመስታወቱ ነው። ደንበኞች ለብሰው የሚያዩበት ቁም መስታወት አለኝ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ሲዘዋወር የእኔ ክፍል ገባና መስታወቱ ውስጥ ሌላ ባለ ክራባት አየ። ሌላ ሥራ አስኪያጅ። በክንፉ እየመታ፣ በአፉ እየነቀረ ተጣላው። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይገጥማል። ጋሼ ይህን ሲያወራላት ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ሰማችና «ማን ያሸንፍ ይመስልሃል?» አለችው። «እሁድ እነግርሻለሁ» አላት። የእሁድ ቀጠሮ በእሱ አፍ ሲያዝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኔ ወፉ አሳዘነኝና መስታወቱን ጨርቅ አለበስኩት። ከገበያ ስመለስ ጨርቁ ተነስቷል።

«ጋሼ፣ ራሱን ይጎዳል» አልኩት።

«እሁድ ድረስ ብቻ ተወው። ማን አሸነፈ ብላ ትጠይቀኛለች። ሳያልቅ ምን እላታለሁ?»

ሐሙስ ጠዋት ወፉ ከመስታወቱ ሥር ወድቆ አገኘሁት። በሙሉ ኃይሉ በርሮ መጥቶ መሆን አለበት፤ መስታወቱ ላይ የክንፉ ቅርጽ በአቧራ ታትሞ ቀርቷል። ጋሼን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ አነሳው። ያን ያህል ቤት ያመሰ ወፍ መዳፍ ላይ ሲሆን ምንም አይመዝንም። «ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ዛፉ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፣ እኔም አካፋውን ተቀብዬው ቤት ገባሁ።

እሁድ ተደወለ። ልጅቷ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም። «እህ፣ ማን አሸነፈ?» አለች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። እጁ ሳያስበው ተነሳና ክር ተበጠሰ የሚለውን ምልክት ሠራ። ስልኩ ግን ይጠብቃል።

«ሥራ አስኪያጁ አሸነፈ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጉድ ልንገራችሁ ብል አላባራም። የሞተው ወፍ በሕይወት ካለው ባሰ። የጓዳውን ቁልፍ ሰርቆ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ፖስተኛው ኮፍያ ላይ አርፎ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄደ፣ የሱፍ ፍሬ ካልቀረበለት ሌላ አልቀምስም አለ። ጋሼ ውሸት አያውቅበትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዛፉ ሥር ቆሞ እጆቹን እያወናጨፈ ሲለማመድ በመስኮት አየዋለሁ። ሌሎቹ ድንቢጦች የመስኮቱ ደፍ ድረስ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ቤት የሚደፍር አልተገኘም።

እንዲህ እያልን ስንከርም ልጅቷ አንድ እሁድ በደስታ ደወለች። «አባዬ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። ሥራ አስኪያጁን በዓይኔ ሳላየው አልቀርም።» ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ። እሷ ቀጠለች፦ «እማዬ ሁልጊዜ ‹አባትሽ መቼ ነው የምትመጣው እያለ ይጨቀጭቀኛል› ትለኝ ነበር። ይኸው ልመጣልህ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አውቃለሁ፤ ሰምቻለሁና። እህቴ ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ያልተባለ ነገር ሁሉ ታክልበት ነበር። አባትሽ ወፍራም ልብስ ልበሺ ብሏል፣ አባትሽ በሕልሙ አይቶሻል፣ አባትሽ ፎቶሽን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን «ጋሼ መቼ ነው ይህን ያለው?» ብላት «አንተ ልብስህን ስፋ» አለችኝ። ሰፋሁ።

«የምትመጣው ለወፉ ነው» አለ ጋሼ። «ወፉ ከሌለ ትቀራለች።»

«ለአባቷ ነው እንጂ። ሰው ለድንቢጥ ብሎ አገር ያቋርጣል?»

«አባቷ ምን አላት? ደህና ነሽ ብሎ ስልክ የሚያቀብል ሰው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መዳፉ ላይ ጥራጥሬ ይዞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ልጅቷ ወፉን አይታው አታውቅም፤ ወንድ ድንቢጥ ሁሉ ደግሞ ክራባት አለው። አንድ ደፋር ቢገኝ ይበቃዋል ማለት ነው። እጁ እስኪንቀጠቀጥ ይቆማል። በግራው ይለውጣል። ድንቢጦቹ ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩታል፤ እሱም አንገቱን አቅንቶ ሽቅብ ያያቸዋል። አንዲት ሴት ድንቢጥ አንድ ቀን ክንዱ ላይ አርፋ ወደ መዳፉ ስትራመድ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እኔም እኮ ለካ እንደ እሱ እየጠበቅሁ ነበር። ጣቱ ነቅነቅ ሲል ወፏ በረረች።

«ያኛው ለምን እንደወደደኝ አላውቅም» አለኝ ሲገባ። «ምን እንዳደረግኩለት ባውቅ እደግመው ነበር።»

እጁ ቀዝቅዞ ስለነበር ሻይ ቀዳሁለትና ብርጭቆውን አስጨበጥኩት።

ልጅቷ ትኬት ልትቆርጥ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እሁድ ነው፣ ደወለች። «አባዬ፣ ነገ ልቆርጥ ነው። ለሥራ አስኪያጁ የሱፍ ፍሬ ገዝቼለታለሁ፤ አንድ ከረጢት ሙሉ።»

ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ ወፉ ሞቷል» አለ።

«ምን? መቼ?»

«ከመስታወቱ ጋር ሲጣላ።»

«ያ እኮ ቆየ አባዬ።»

«ቆየ።»

«ቁልፉን የሰረቀውስ? ፖስተኛው ኮፍያ ላይ ያረፈውስ?»

«ከሆዴ የፈጠርኩት ነው። ወሬ ካለቀብኝ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ እግሬን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳሁ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ቢኖር መስኮቱን የሚቆረቁሩት ድንቢጦች ናቸው፤ ቁርሳቸው ዘግይቷል።

«እሺ፣ እማዬ የምትለኝስ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹አባትሽ መቼ ነው የምትመጣው ይላል› የምትለኝ። እሱም ከሆዷ ነበር?»

እዚህ ላይ አንዲት «አይደለም» ትበቃው ነበር። እኔም በእህቴ ነፍስ እምልለት ነበር። ተነስቼ በራፉ ላይ ቆሜ ራሴን እየነቀነቅሁ «አይደለም በላት» አልኩት፣ በከንፈሬ ብቻ። እንዳልናገር በእጁ ከለከለኝ።

«ከሆዷ ነው» አለ። «እኔ ብዬ አላውቅም። እናትሽ ስታዋራሽ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ጆሮዬን ለጥፌ ቆሜ እሰማ ነበር። ‹አባትሽ እንዲህ ብሏል› ስትልሽ፣ ምነው እኔ ባልኩት እላለሁ። ተመልሼ ጋዜጣዬን ይዤ እቀመጣለሁ።» ስልኩን በጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። «ናፍቀሽኝ ነበር። እሷ ሳለችም ናፍቀሽኝ ነበር፣ አሁንም ናፍቀሽኛል። መናገሩን ነው ያልቻልኩበት።»

ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት ስኖር ከበር ጀርባ መቆሙን አላውቅም ነበር። ጋዜጣ የሚያነብ ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አላት።

«ቅዳሜ» አለች። «ቅዳሜ እደርሳለሁ።» ከዚያ በልጅነቷ ድምፅ፣ «አባዬ፣ ድገመው» አለችው።

ደገመላት።